ልጅ የሌለው ደን፦ ከታቦር ተራራ እስከ ቋራ ቆላ

ከአፉላ በ65 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ታቦር ተራራን ያገኛል። ከሜዳው ብቻውን ብድግ ያለ፣ ክብ የሆነ ተራራ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ570 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ዲቦራና ባራቅ ሲሣራን ለመውጋት ዐሥር ሺህ ሰው ያሰባሰቡበት መሆኑን መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ወይም ከቄስ አፍ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። በጎንደር ክፍለ ሀገር ያደገ ሰው ደግሞ ስሙን እዚህ ሳይመጣ በፊት ያውቀዋል፤ የደብረ ታቦር ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ተራራ ነው።

ተራራውን ያለበሰው ደን ግን እንደ ስሙ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከአውቶቡስ መስኮት ሆኖ ለሚያይ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ ያልፋል። ዛፍ የሚያጠኑ ሰዎች ግን አንድ ደን ውስጥ ሲገቡ ማማሩን አይደለም የሚጠይቁት። ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። እዚህ ስንት ዓይነት ዛፍ አለ? ደግሞስ ሽማግሌው፣ ጎልማሳውና ሕፃኑ ዛፍ በየዕድሜው ምን ያህል ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ደኑ ዛሬ ምን እንደሚመስል ይናገራል። ሁለተኛው ከሃምሳና ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያ ቦታ ደን መኖር አለመኖሩን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው እሱ ነው።

የታቦር አካባቢ ዋነኛ ዛፍ በዕብራይስጥ አሎን ታቦር ይባላል። አሎን በአማርኛ መጻሕፍት ባሉጥ እየተባለ የሚጠራው ነው። ግንዱ ወፍራም፣ ቅርንጫፉ ወደ ጎን የተዘረጋ፣ ፍሬው ትልቅና ቆብ የደፋ ነው። በብርዱ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል። ከእሱ ጋር አሎን ማጹይ የሚባለው ወንድሙ አለ፤ ይኼኛው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥቋጦ መስሎ ይታያል። በመካከላቸው ኤላ፣ ሊቭኔና ሐሩቭ የሚባሉት ዛፎች ይገኛሉ።

በቤት ቄሼት ደንና በአሎኔ አባ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ አሎን ታቦሮቹ ተራርቀው ነው የቆሙት። በአንዱና በሌላው መካከል ሣር አለ፣ ፀሐይ ይገባል፣ ከብት ይግጣል። ከቆላ የመጣ ሰው ቦታውን ሲያይ አገሩ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ዛፉ ሌላ ነው፣ አቀማመጡ ግን አንድ ነው፤ ከላይ የተበታተነ ዛፍ፣ ከታች ሣር። በሞቃት አገሮች እንዲህ ያለውን ምድር ሊቃውንቱ ሳቫና ይሉታል። የታቦሩ በትክክል ሳቫና አይደለም፤ የአየር ጠባዩ የሜዲትራኒያን ባሕር አገሮች ነው። ዝናቡ እንኳ የሚመጣው በተገላቢጦሽ ነው፤ ጎንደር ላይ በጋ በሆነበት ወራት እዚህ ይዘንባል፣ ጎንደር ላይ ሰማይ ሲቀደድ እዚህ ሣሩ ደርቆ ክብሪት ይጠብቃል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ረጅም ደረቅ ወቅት፣ እሳትና የሚግጥ እንስሳ ናቸው። ዛፉን አራርቀው የሚያቆሙትም፣ ችግኙን የሚያጠፉትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

የዛፍን ዓይነት መለየት ለአገር ቤት ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ገበሬ ሞፈሩን ከየትኛው ዛፍ፣ ምሰሶውን ከየትኛው እንደሚቆርጥ ያውቃል። ብረት ቀጥቃጩ ለወናፍ የሚሆነው ከሰል ከየትኛው እንጨት እንደሚወጣ፣ ሸክላ ሠሪዋም ማሰሮዋን በምን እንጨት እንደምታቃጥል ትለያለች። ተመራማሪዎቹ የሚጨምሩት ቆጠራውን ነው። ደኑ ውስጥ ለምሳሌ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከልሉና በውስጡ ያለውን ዛፍ ሁሉ አንድ በአንድ ይመዘግባሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው እንደገና ይከልላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። መቶ መቶ ዛፍ ያላቸው ሁለት ደኖች አሉ እንበል፤ በሁለቱም ዐሥር ዐሥር ዓይነት ዛፍ ተቆጠረ። በአንደኛው እያንዳንዱ ዓይነት ዐሥር ዛፍ አለው። በሌላው ግን ዘጠና አንዱ ዛፍ አንድ ዓይነት ሆኖ የቀሩት ዘጠኙ ዓይነቶች አንዳንድ ዛፍ ብቻ አላቸው። በስም ሁለቱም ዐሥር ዓይነት አላቸው። ዘጠና አንዱን ዓይነት የሚወድ ተባይ የመጣ ቀን ግን አንደኛው ደን ዐሥር ዛፍ ሲያጣ ሁለተኛው ባዶ መሬት ሊሆን ነው። ስለዚህ የዓይነቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተከፋፈለም ይታያል።

ቀጥሎ ውፍረቱ ይለካል። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም ደረት አካባቢ፣ ግንዱ ዙሪያውን በሜትር ይለካል። ውፍረት ሙሉ በሙሉ ዕድሜ ማለት ባይሆንም ጥሩ ምልክት ነው። ጤነኛ የሆነ የተፈጥሮ ደን ሲለካ ቀጫጭኑ እጅግ ብዙ፣ መካከለኛው ያነሰ፣ ወፍራሙ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም ከበቀለው ችግኝ አብዛኛው ይሞታል፤ ፍየል ይበላዋል፣ ድርቅ ያደርቀዋል፣ ጥላ ያንቀዋል። ብዙ ካልተወለደ ጥቂት አያድግም። ወፍራም ወፍራም ዛፍ ብቻ ተገኝቶ ቀጭን ሲጠፋ፣ አያቶች ብቻ የቀሩበት መንደር ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቤቱ ሁሉ ሙሉ ነው፤ የልጅ ድምፅ ግን የለም።

በአፉላ ራሱ ብዙ የማኅበረሰባችን ሰዎች የሚኖሩት በጊቭዓት ሐሞሬ ነው፤ ከሰፈሩ በላይ ያለው ኮረብታ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ ያለው ደን በአብዛኛው በሰው እጅ የተተከለ ነው። ቀረን ቀየሜት በአካባቢው ዛፍ መትከል የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ በጊኔጋር አጠገብ ያለው የባልፎር ደን የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ነው። በእነዚያ ዓመታት በብዛት የሚተከለው ኦረን ዬሩሻላይም የሚባለው ዛፍ ነበር። በነገራችን ላይ አንዳንድ ሰው ኦረንን ጽድ ይለዋል፤ የአገር ቤቱ ጽድ ግን ከሌላ ወገን ነው፣ የሚቀራረበው ከብሮሽ ጋር ነው።

ኦረን የተመረጠበት ምክንያት ይገባል። ቶሎ ያድጋል፣ በድንጋያማ መሬት ላይ ይይዛል፣ ብዙ ውኃ አይለምንም። አገሩም የተራቆተ ነበር። በአፉላ በኩል የሚያልፈው የሐይፋ ባቡር መንገድ በ1905 ሲከፈት የቱርኮች ዘመን ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የድንጋይ ከሰል ሲጠፋ ባቡሮቹ በእንጨት እንዲሄዱ ብዙ የአሎን ደን ተጨፈጨፈ። ዛሬ ከአፉላ ሐይፋ የሚወስደው ባቡር በ2016 ሥራ የጀመረው በዚያው በአሮጌው መሥመር አቅጣጫ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ባሕር ዛፍ እንዳስመጡ ሁሉ፣ እዚህም ችግሩ የጠየቀው ቶሎ የሚደርስ ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍም ቢሆን አልቀረም፤ በዚህ አገር በየረግረጉና በየመንገዱ ዳር ተተክሏል።

ነገር ግን በአንድ ዘመን የተተከለ አንድ ዓይነት ዛፍ ሁሉም እኩያ ነው። አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያረጃል፣ አብሮም ይታመማል። በ1970ዎቹ ማጹኮኩስ የምትባል በዓይን የማትሞላ ነፍሳት የኦረን ዬሩሻላይምን ጭማቂ እየመጠጠች በአገሪቱ ብዙ ደን አደረቀች። እሳቱ ደግሞ አለ። በታኅሣሥ 2010 በካርሜል የተነሣው ቃጠሎ 44 ሰው ገድሏል፤ ሙጫ ያለው የኦረን ዛፍ ተጠጋግቶ በቆመበት ቦታ እሳት እንዴት እንደሚሮጥ ያን ጊዜ ያላየ የለም። ከእነዚህ ነገሮች በኋላ ቀረን ቀየሜት መንገዱን ለውጧል። አሁን ኦረኑን እያሳሳ አሎን፣ ኤላ፣ ሐሩቭና ሌላውንም የአገሩን ዛፍ ያቀላቅላል።

ደስ የሚለው፣ ሰው ባይተክለውም የሚመጣ ዛፍ አለ። ባረጀና በሳሳ የኦረን ደን ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ሰው ትንንሽ የአሎን ችግኞችን ያገኛል። ብዙውን ጊዜ የሚተክላቸው ዖርቫኒ የሚባለው ወፍ ነው። የአሎን ፍሬ እየለቀመ ለክፉ ቀን መሬት ውስጥ ይቀብራል፤ ከቀበረው ውስጥ የረሳው ይበቅላል።

ትክክለኛው ሳቫና የሚገኘው ግን ከዚህ ወደ ደቡብ በጣም ርቆ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ደግሞ ቅርብ ነው። ከቋራ ቆላ የመጡ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹም በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡት፣ ያደጉት በእሱ ውስጥ ነው። ከመተማ እስከ ሱዳን ጠረፍ የሚደርሰው ያ አገር ከደጋው የተለየ ዛፍ አለው። ወይባ አለ፣ አባሎ አለ፣ ለጠንካራ ሥራ የሚፈለገው ዞቢ አለ፣ በሸለቆው ሽመል አለ። ሣሩ ከክረምት በኋላ ሰው ይውጣል፤ በበጋ ደርቆ ይቃጠላል። በቋራ ያለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመው ይህን ምድር ለመጠበቅ ነው፤ ስፋቱ ወደ 2,666 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

የዚያ አገር የከበረው ዛፍ ግን የዕጣን ዛፍ ነው፤ በትግርኛ መቐር ይሉታል። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆም ዛፍ ነው። ሰብሳቢው በመሣሪያ ቅርፊቱን ይፍቀዋል፤ ከቁስሉ ነጭ ሙጫ ይወጣል፤ ሲደርቅ ይለቀምና ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። በአንድ በጋ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በኦሪት ከቁርባኑ ጋር የሚቀርበው ሌቮናም ከዚሁ ወገን ከሆኑ ዛፎች የሚገኝ ሙጫ ነው።

የዕጣን ዛፍ ያለበት ደን ለዓይን ጤነኛ ይመስላል። ትልልቅ ዛፍ ሞልቶታል፣ ዕጣኑም በየዓመቱ ገበያ ይወጣል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ግን በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ቦታዎች ላይ ከ21,000 በላይ የዕጣን ዛፍ ለክቶ ያገኘው ሌላ ነው። ከቦታዎቹ ከመቶ ሰባ አምስት በሚበልጡት ቀጫጭን ዛፍ አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ በግንዱ ውስጥ ያለውን የዕድሜ ቀለበት ሲቆጥሩ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አዲስ ዛፍ እንዳላደገ ተረዱ። ሽማግሌዎቹ ሲሞቱ የሚተካ የለም። ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣኑ ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስልተዋል።

ዘሩ አልጠፋም፤ ችግኙም ይበቅላል። የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ከብቱ ይግጠዋል፣ የበጋው እሳት ይለበልበዋል፣ ሥሩ ጠንክሮ ከእሳት በላይ እስኪያድግ ጊዜ አያገኝም። ትልቁም ዛፍ ዕረፍት ሳያገኝ ሲቆስል ይደክማል፤ ግንዱን የሚበሳ ጥንዚዛም ይገባበታል። ቁስል የበዛበት ዛፍ የሚያፈራው ዘርም ያንሳል። የደጋው መሬት ጠብቦ ብዙ ሕዝብ ወደ ቆላ ስለወረደ፣ ለእርሻ የሚመነጠረው፣ የሚሰማራውም ከብት ጨምሯል። እዚህ ላይ አንድን ወገን መውቀስ ቀላል ነበር፤ ግን ሰፋሪውም የሚበላው ይፈልጋል፣ ሰብሳቢውም የቀን ገቢው ነው። ተመራማሪዎቹ የሚመክሩት ለዛፉ የዕረፍት ዓመት መስጠትን፣ የፍቂያውን ቁጥር መቀነስን፣ የተወሰነ ቦታ ከልሎ ከብትና እሳት እንዳይገባ ማድረግን ነው።

አሁን ወደ አፉላ አካባቢ እንመለስ፤ ከቆላው አገር የመጣ አንድ ዛፍ እዚሁ ቅርብ አለና። ከአፉላ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በናሃላል አጠገብ በሺምሮን ኮረብታ ላይ፣ በዕብራይስጥ ሺታ ማልቢና የሚባል የግራር ወገን ይበቅላል። ይህ በኢትዮጵያ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚሉት ዛፍ ነው። ዋና አገሩ አፍሪካ ነው፤ ሺምሮን የሚገኘው ዛፉ ወደ ሰሜን ከሚደርስበት ጠርዝ አካባቢ ነው። ገርቢን ገበሬ በማሳው መካከል ሆን ብሎ ይተወዋል። በክረምት፣ ሌላው ዛፍ ሁሉ ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ስለዚህ ሰብሉን አይጋርድም። በበጋ፣ ሣር ሲጠፋ፣ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ለከብት ጥላና ፍሬ ይሰጣል። መሬቱንም ያዳብራል፤ ከሥሩ ያለው ማሽላ ከሌላው ይሻላል።

የሺምሮኑ ገርቢ እንዴት እዚህ ደረሰ? ከኢትዮጵያ እስከ ዮርዳኖስ በሚዘልቀው ስምጥ ሸለቆ በኩል በጥንት ጊዜ፣ አየሩ ሞቃት በነበረበት ዘመን ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታሰባል። ዛፎቹ ቆመዋል፣ ያምራሉም። ነገር ግን በእስራኤል ያለው ገርቢ በአብዛኛው በዘር አይራባም፤ ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ ነው የሚስፋፋው። ብዙ ግንድ የሚመስለው ከመሬት በታች ያው አንድ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ ቆጠራው ራሱ ሰውን ያታልላል፤ ሠላሳ ግንድ ቆጥሮ ሠላሳ ዛፍ አለ ያለ ሰው ምናልባት ያገኘው ሁለት ወይም ሦስት ዛፍ ነው። እንዲህ ያለው ደን አንድ በሽታ ቢመጣበት ሁሉም እኩል ነው የሚታመመው፤ የሚለያዩበት ነገር የላቸውም።

ከአፍሪካ መጥቶ በደንብ የተሳካለት ሌላ ዛፍ ደግሞ አለ፤ ገባ፣ በየአገሩ ቁርቁራም የሚሉት። በዕብራይስጥ ሺዛፍ ይባላል። በኢይዝራኤል ሸለቆና በቤት ሼዓን በየሜዳው ይታያል። እሾሁ ከብቱን ስለሚያርቅ፣ ሲቆረጥም ሲቃጠልም እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ ፍሬውንም ወፍና እንስሳ ስለሚበትኑለት ችግር አላገኘውም። የትንሿን ቢጫ ፍሬ ጣዕም የሚያስታውስ ሰው እዚህም ቀምሶ ሊያወዳድር ይችላል። ወይራም እንዲሁ ነው፤ የአገር ቤቱ ወይራና እዚህ ዘይት የሚጨመቅበት ዘይት ዛፍ አንድ ዝርያ ናቸው፣ ልዩነታቸው የንዑስ ዝርያ ነው።

የአሎን ታቦር ጉዳይ ከዕጣኑም ከገርቢውም የተሻለ ነው፤ ግን ነጻ አይደለም። ሕጉ ይጠብቀዋል። በእንግሊዞች ጊዜ በ1926 የወጣው የደን ሕግ መሠረት ሆኖ፣ ዛሬም የተጠበቀ ዛፍ በግል ግቢ ውስጥ ቢሆን እንኳ ያለ ፈቃድ መቁረጥ አይቻልም። ሕግ ግን መጥረቢያን ነው የሚከለክለው፤ የላምን አፍ አይዘጋም። የአሎን ታቦር ፍሬ ትልቅና ገንቢ ስለሆነ ላምም ይበላዋል፣ ከርከሮም ቆፍሮ ያወጣዋል። ከብት በሚበዛበት የአሎን ደን ውስጥ ችግኙ ቁጥሩ እንደሚያንስ ተጠንቷል። ታዲያ ከብቱን አስወጥቶ መገላገል አይቻልም ወይ ቢባል፣ ሣሩ ያለ ግጦሽ ቁመቱ ከጉልበት ያልፍና በበጋ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ደኑን በሙሉ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ደኑን የሚጠብቁት ሰዎች ሥራ ከብቱን በልክ ማስገባት ነው፤ ምን ያህል ከብት፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቦታ። አገር ቤት ከብት የጠበቀ ሰው ይህ ክርክር አይከብደውም።

ይህን በራሱ ዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ከልጅ ልጆቹ ጋር በክረምቱ ማብቂያ፣ ዝናቡ ሲያባራና መሬቱ ገና ርጥብ ሳለ፣ በቤት ቄሼት ወይም በታቦር ሥር ቢሄድ ጥሩ ነው። ፍሬው የሚወድቀው በመከር ስለሆነ አዲሱ ችግኝ በዚያ ጊዜ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ከጣት የማይበልጥ፣ ጥርስ ያለው ትንሽ ቅጠል የያዘ ነው። ከሚታዩት ውስጥ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን በጋ አያልፉም። ስለዚህ ከአዲሱ ይልቅ መፈለግ ያለበት ጉልበት የሚደርሰው፣ ግንዱ እንደ ብትር የቀጠነው፣ ከብትና ድርቅ ያመለጠው ወጣት አሎን ነው። እሱ በአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ከተገኘ፣ በአጠገቡ ያለው ሽማግሌ ዛፍ ተተኪ አለው ማለት ነው።